«ነቬያ» ወይስ «ምትኬ»?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ሁለት ወሬ ነው። ነቬያ ብያታለሁ። ዘመናዊና ደስ የሚል ስም ነው። ሞጣ ያሉት አማቴ «ምን ማለት ነው?» ሲሉኝ «ዝም ብሎ ስም ነው» አልኳቸው። አሻፈረኝ ብለው «ምትኬ» ይሏታል። የባሌ እህት ካረፈች ወዲህ ነገር ይከብዳቸዋል። እኔን ያቃጠለኝ ግን የባሌ ዝምታ ነው። ክርስትናዋ ሳይደርስ እናቱን እንዲያስቆም ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ!

ስሙ «ዝም ብሎ» አይደለም። በእንግሊዝኛ ሄቨን፣ ማለትም መንግሥተ ሰማያት፣ ተገልብጦ ሲጻፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ሶኒ ሳንዶቫል የተባለ የሮክ ዘፋኝ በኤምቲቪ ቀርቦ ልጁን በዚህ ስም አስተዋወቀ። በዓመቱ በአሜሪካ የሴት ልጆች ስም ዝርዝር 266ኛ ሆኖ ገባ። በ2010 25ኛ ደረሰ። አዲስ ሆኖ ውስጡ ምሥጢር መያዙ ሳይሆን አይቀርም ሰውን የሚስበው። በእኛ ፊደል ግን ጨዋታው አይሠራም። (ገነትን ገልብጬ ሞከርኩ፤ «ትነገ» ሆነችብኝ።)

አሁን ደብዳቤሽን ልመልስልሽ። ከላይ እስከ ታች ስለ ስም ነው፤ የሟቿ ስም ግን የለም። አንድ መስመር ሰጥተሻት አልፈሻል።

ካሳ፣ ማስረሻ፣ ምትኬ። እነዚህ ስሞች ብዙ ጊዜ ከለቅሶ ቤት ነው የሚወጡት። አማትሽ «ምትኬ» ሲሉ ልጅሽን ብቻ አይደለም የሚጠሩት፤ ልጃቸውንም ጭምር ነው። አንቺም ይህ የገባሽ ይመስለኛል። ልጄ የሞተ ሰው መተኪያ ትሁን እንዴ ብለሽ ደንግጠሻል። ስጋትሽ ትክክል ነው። የሌላ ሰው ቦታ እንድትሞላ የምታድግ ልጅ የራሷ ያልሆነ ሸክም ትሸከማለች። ግን ይህን አልተናገርሽም። «ዘመናዊ» አልሽ። እሳቸው የሰሙት ንቀት ነው።

ባልሽን ደግሞ እናቱን እንዲያስቆም ትጠይቂዋለሽ። ለእሱ «ምትኬ አትበዪ» ማለት «ለልጅሽ አታልቅሺ» ማለት ነው። እሱም እኮ እህቱን ነው የቀበረው! እኔ ዝምታው ውስጥ ፍርሃት አይታየኝም፤ ሐዘን ነው የሚታየኝ። እዚህ ላይ ከእሱ ጋር ነኝ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።

በአንድ ደብዳቤ ሁሉን ማወቅ አልችልም። ክርስትናው በ80 ቀኗ ከሆነ ግን ገና ጊዜ አለሽ፤ ያኔም ሌላ ስም መጨመሩ አይቀርም። አያት በቤት ስም ቢጠሯት፣ መተኪያ እስካላደረጓት ድረስ፣ ብዙ ላይከፋ ይችላል። ባልሽ ማውራት ካቃተው ሁለታችሁም አማካሪ ፊት ብትቀመጡ ይሻላል። ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ የልጅሽን ስም ተይውና ስለ እህቱ ጠይቂው። ምን ዓይነት ሰው ነበረች? በስሟ ጠርተሽ ጠይቂው።