ጥያቄና መልስ፦ ላንስበሪ በ1912 ለምን ወደቀ?

ጉዳዩ ባጭሩ ይሄ ነው። ምሥራቅ ለንደን ውስጥ ቦውና ብሮምሊ የሚባል የምርጫ ክልል ነበር። የሌበር (የሠራተኞች ፓርቲ) የፓርላማ ተመራጩ ጆርጅ ላንስበሪ በ1912 ወንበሩን ለቀቀ። ከዚያ በሴቶች የመምረጥ መብት ጉዳይ ሕዝቡ ይዳኘኝ ብሎ እዛው በማሟያ ምርጫ ተወዳደረ። ኖቬምበር 26 ቀን ተሸነፈ።

ጠይቁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው። ፓንክኸርስት ስትሉ ደግሞ የትኛዋን እንደሆነ ጻፉ። ሦስቱም ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገሉ ናቸው፦ እናትየው ኤመሊን ናት፤ ልጆቿ ክሪስታቤልና ሲልቪያ።

ተማሪው፦ ውጤቱ ስንት ለስንት ነበር?

ጋሼ፦ ወግ አጥባቂው ሬጂናልድ ብሌር 4,042፣ ላንስበሪ 3,291። ልዩነቱ 751።

ለምለም ከዲሲ፦ ጋሼ፣ ሰውዬው ወንበሩን ይዞ አይታገልም ነበር? ማን ልቀቅ አለው?

ጋሼ፦ ጥሩ ጥያቄ። ያኔ ለመምረጥ መብት ሲታገሉ ታስረው የርሃብ አድማ የመቱ ሴቶችን ይዘው፣ ቱቦ ከተው በግድ ይመግቧቸው ነበር። ጁን 1912 ላይ ጉዳዩ ፓርላማ ተነሳ። ላንስበሪ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ጠቅላይ ሚኒስትር አስኩዊዝ ፊት ድረስ ሄደና ጮኸበት። ከአዳራሹ ውጣ ተባለ። ከዚያ በኋላ ወደ ራሱ ፓርቲ ዞረ። ሴቶች ድምፅ እስኪያገኙ ድረስ ሌበር የመንግሥትን ረቂቅ ሁሉ ይቃወም አለ። ፓርቲው እምቢ አለው። በዚህ ተናዶ ለቀቀ። ሲወዳደርም ፓርቲው ዕጩዬ ነው አላለውም፤ በግሉ ነው የቀረበው። ልቀቅ ብሎ ያስገደደው የለም። እነ ክሪስታቤል ግን ገፋፍተውታል።

የጉለሌው፦ ፓንክኸርስት በምርጫው ምን ሠራች?

ጋሼ፦ የትኛዋ?

የጉለሌው፦ የኛዋ። አዲስ አበባ ያረፈችው።

ጋሼ፦ ሲልቪያ በል እንግዲህ። ከምርጫው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብላ ቦው መንገድ ላይ አንድ የድሮ ዳቦ ቤት ተከራየች። ቁጥሩ 198 ነው። ፊቱ ላይ «ድምፅ ለሴቶች» የሚል ጽሑፍ በወርቅማ ቀለም አስጻፈች። እናቷና ክሪስታቤል ሀብታም ሴቶችን ይዘው ሲሄዱ፣ እሷ የፋብሪካና የልብስ አጠባ ሴቶችን መረጠች። በ1914 ከእናቷ ድርጅት ያስወጣት አንዱ ምክንያትም ይሄው ነው።

ሐኪሙ፦ ብሌር ያሸነፈው «በቀሚስ አንገዛም» በሚለው መፈክር ነው ይባላል። እውነት ነው?

ጋሼ፦ መፈክሩ ነበር፤ ሠርቷልም። ግን ሁሉም ሰው መፈክሩን ብቻ ያወራል። እኔ የምላችሁ የምርጫውን ቀን ተመልከቱ ነው። የኤመሊን የሴቶች ድርጅት መኪኖች አሉት። የላንስበሪ የምርጫ ወኪል ደግሞ የመራጮቹ ስምና አድራሻ ዝርዝር አለው። መራጭን ከቤቱ አንስቶ ጣቢያ ለማድረስ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ወኪሉ ዝርዝሩን አልሰጥም አለ። ሴቶቹ ደግሞ በወንዶች ትዕዛዝ አንሠራም አሉ። መኪኖቹ ቆመው ሰዓቱ ነጎደ። ይሄን ሲልቪያ ራሷ በኋላ ጽፋዋለች።

አሁን ቁጥሩን አስሉ። በዲሴምበር 1910 ላንስበሪ ወግ አጥባቂውን ሊዮ አመሪን 4,315 ለ3,452 አሸንፎ ነበር የገባው። በሁለት ዓመት ውስጥ እሱ 1,024 ድምፅ አጣ። ወግ አጥባቂዎቹ የጨመሩት ግን 590 ብቻ ነው። ሌላው የት ሄደ? ብዙው ቤቱ የቀረ ይመስለኛል። ቤቱ የቀረን ሰው የሚያመጣው መኪናና ዝርዝር ነው።

ሐኪሙ፦ ፓርቲው ካልደገፈው የሌበር ሰው ለምን ይወጣል? መኪናው ምን ያደርጋል?

ጋሼ፦ እሱም አለበት። ግን መኪናው ቆሞ እንደዋለ አትርሳ።

ተማሪው፦ ብሌር ለምን አሸነፈ?

ጋሼ፦ አሁን የጻፍኩትን አንብብ ወንድሜ።

የአድዋ ልጅ፦ ይቅርታ፣ ይሄ ላንስበሪ ጣልያን ሲወረን ማዕቀብ አይጣል ያለው ሰውዬ አይደለም? ምኑን ነው የምታወድሱት?

ለምለም ከዲሲ፦ የ1912ን ሰው በ1935 አንፈርድበትም።

የአድዋ ልጅ፦ ሰው አንድ ነው። ቦምብ ሲወርድብን ሰላም ሰላም ይል ነበር። በ1937 ሄዶ ሙሶሊኒን አላገኘም?

የጉለሌው፦ ሂትለርንም አግኝቷል። እና?

ጋሼ፦ ከርዕስ ወጣችሁ። ግን ነገሩ ስለሚገርም አንዴ ልመልስ። በ1935 ላንስበሪ የሌበር መሪ ነበር። ጦርነትን በመርህ የሚቃወም ክርስቲያን ነው። ማዕቀቡ ወደ ጦርነት ይወስዳል ብሎ ፈራ። ብራይተን ላይ የፓርቲው ጉባኤ ተቃወመው፤ የሠራተኛ ማኅበር መሪው ኧርነስት ቤቪን በአደባባይ አዋረደው፤ በዚያው ኦክቶበር መሪነቱን ለቀቀ። ሲልቪያ በ1936 «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የሚል ጋዜጣ ለኛ ጉዳይ አቋቋመች። በ1912 አንድ ሰፈር ውስጥ ለአንድ ዓላማ የቆሙ ሁለት ሰዎች በኛ ጉዳይ ተለያዩ። ጣልያንን ወዶ ነው ካላችሁኝ ግን አልስማማም። የዋህ ነበር። የዋህነቱ እኛን ጎዳን።

የአድዋ ልጅ፦ የዋህ ስትለው ደስ አይለኝም።

ጋሼ፦ አይበልህ።

ቤቲ፦ እንግሊዝ ውስጥ ተመራጭ በፈለገበት ሰዓት ደብዳቤ ጽፎ መልቀቅ ይችላል እንዴ?

ጋሼ፦ አይችልም። ከ1624 ጀምሮ ክልክል ነው። መልቀቅ የፈለገ ሰው ከንጉሡ የስም ብቻ የሆነ ሹመት ይጠይቃል፤ ለምሳሌ የቺልተርን ሃንድረድስ ሹም ይባላል። ሥራም ደመወዝም የለውም። ሹመቱን ሲቀበል ወንበሩ በሕግ ባዶ ይሆናል፤ ማሟያ ምርጫ ይጠራል። ዛሬም እንዲሁ ነው።

ተማሪው፦ ፓንክኸርስት የተቀበረችው የት ነው?

ጋሼ፦ የትኛዋ? ስንቴ ልበል? ሲልቪያ ከሆነች ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ 1960።

ቤቲ፦ ቦው ውስጥ ሴቶቹ ራሳቸው መቼ መረጡ?

ጋሼ፦ በ1918 ሕጉ ወጣ። ግን ዕድሜዋ 30 የሞላና የቤት ወይም የንብረት መስፈርት የምታሟላ ብቻ ናት። የሲልቪያ ወጣት የፋብሪካ ሴቶች አብዛኞቹ ቀሩ። ከወንድ እኩል የሆኑት በ1928 ነው።

ሐኪሙ፦ ብሌርስ?

ጋሼ፦ እስከ 1922 ቆየ። ያን ዓመት ላንስበሪ ወንበሩን መልሶ ያዘው።