ከርክክብ የሚጀምር ሥራ

ውድ ልጆቼ፣

ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ተመርቃችሁ ሥራ የምትፈልጉም፣ ሥራ ይዛችሁ ገና ያልተደላደላችሁም ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ስትመጡ፣ አቦሉ ሳይወርድ የምታነሡት አንድ ጥያቄ አለ። «ጋሼ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ይህን ሁሉ የኮንትራት ሥራ ከየት ያገኛሉ?» ትሉኛላችሁ። በጨዋታ መሐል መልሼው የማይጠራልኝ ስለሆነ በጽሑፍ ላስቀምጥላችሁ ወሰንኩ። ጉዳዩ የሽማግሌ ብቻ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ነገር ግን እኔ ከ60 ዓመቴ በኋላ ያገኘሁት ሥራ የተዘራው እናንተ አሁን ባላችሁበት ዕድሜ ነው።

የመንግሥት ሥራዬን የጨረስኩት በ2013 ዓ.ም፣ የጡረታ ዕድሜ የሆነው 60 ዓመት ሲሞላኝ ነው። 28 ዓመት ያገለገልኩት በመረጃ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ በድሮው የኮምፒዩተር ሥርዓት በዶስ ላይ በሚሠራው ፎክስፕሮ በተባለ የመረጃ መዝገብ ፕሮግራም ጀምሬ፣ ቪዥዋል ቤዚክ በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ አልፌ፣ በመጨረሻ ትልልቅ የመረጃ መዝገብ በሚይዘው ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ደረስኩ። የጡረታ ገንዘቡ የታናሽ ልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ ስለማይሸፍን ሲቪ አዘጋጅቼ አዲስ አበባ ላሉ 11 ድርጅቶች ላክሁ። አንዱ ብቻ ደወለልኝ፤ እሱም ዕድሜዬን ከጠየቀኝ በኋላ «እናሳውቅዎታለን» ብሎ በዚያው ቀረ። ለወራት ያህል፣ የማውቀው ነገር ሁሉ ከእኔ ጋር ጡረታ የወጣ መስሎኝ ነበር።

በስምንተኛው ወር የደወለችልኝ ወንበሬን የተረከበችው ልጅ ናት። እሷም መሥሪያ ቤቱን ለቃ እዚሁ ጅማ ወደሚገኝ ሌላ ድርጅት ገብታ ነበር። «ጋሼ፣ የድሮ መረጃ ወደ አዲስ ሲስተም የሚያሻግር ሰው እየተፈለገ ነው፤ እኔ የእርስዎን መዝገብ አስታውሼ ስምዎን ሰጠሁ» አለችኝ። መዝገብ ያለችው ስወጣ የተውኩላትን ባለጠንካራ ሽፋን ደብተር ነው። በጊዜው ክሊራንስ ለማስፈረም የሚጠበቅብኝ ኮምፒዩተሩንና የቢሮውን ቁልፍ መመለስ ብቻ ነበር፤ በጭንቅላቴ ያለውን አስረክብ ያለኝ ሰው አልነበረም። እኔ ግን የመጨረሻዎቹን ሦስት ሳምንታት ያችን ደብተር ስጽፍ አሳለፍኩ። እያንዳንዱ ሠንጠረዥ ምን እንደሚይዝ፣ ባክአፑ፣ ማለትም የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ፣ የት እንደሚገኝና ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተመልሶ እንደተሞከረ፣ ሰኔ 30 በጀት ሲዘጋ የትኛው ሥራ ከየትኛው መቅደም እንዳለበት አንድ በአንድ አሰፈርኩ። የክፍል መለያ ቁጥሩ «99» የሆነ ሠራተኛ ሲገኝ ስህተት አለመሆኑን፣ በ1997 ዓ.ም ከታጠፈ ክፍል የተዛወረ ሰው መሆኑን ሳይቀር ጻፍኩ። የይለፍ ቃሎቹን በፖስታ አሽጌ፣ በእሽጉ ላይ ሁለታችንም ፈረምንበት። ልጅቷ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ያችን «99» ለማጥፋት ተነሥታ ሳለ ደብተሩን ስታይ እጇን ሰበሰበች፤ አጥፍታው ቢሆን ኖሮ አሥራ አራት ሰዎች በዚያ ወር ደመወዝ አይወጣላቸውም ነበር።

እኔ ከዚህ የተረዳሁትን ልንገራችሁ። ኮንትራት ማለት ከመነሻው መውጫው የታወቀ ሥራ ነው። ቀጣሪው የሚፈራው ሰውየው ሥራውን አይችል ይሆናል ብሎ ብቻ አይደለም፤ ከሄደ በኋላ ማንም ሊነካው የማይችል ነገር ትቶብኝ ይሄዳል ብሎ ነው። ይህን ፍርሃት የሚያስወግድለት በሲቪ ላይ የተደረደረ የፕሮግራም ዓይነት ሳይሆን፣ «እኔ ከእሱ ተረክቤያለሁ» የሚል የአንድ ሰው ምስክርነት ነው። ስለዚህ ከምትለቁት ወንበር ላይ የሚቀመጠውን ሰው፣ ቢያንስ እንደ አለቃችሁ አክብሩት። ከአለቃ ጋር ተጣልታችሁ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ርክክቡን የበለጠ አሳምሩት፤ ተረካቢው በጠባችሁ ውስጥ የለበትም።

ወደዚያ የመጀመሪያ ሥራ ልመለስ። ድርጅቱ ውስጥ የነበሩ ጎበዝ ልጆች የድሮውን የደንበኞች መዝገብ ከፍተው ሲያዩት የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆኖ ስላገኙት፣ «ተበላሽቷል፣ እንደ አዲስ ይተየብ» ብለው ነበር። እኔ ሳየው አልተበላሸም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለም ፊደላትን በየትኛውም ኮምፒዩተር በአንድ ዓይነት ቁጥር ወደሚወክለው ሥርዓት፣ ከመግባቱ በፊት፣ እያንዳንዱ የግዕዝ ፎንት አዘጋጅ ፊደላቱን በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ በየራሱ ቅደም ተከተል ያስቀምጥ ነበር፤ ፎንቱ ከሌለ የሚታየው እንግዲህ ያ ክምር ነው። መዝገቡ ከእነዚህ ፎንቶች አንዱ በሆነው በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ መሆኑን ለይቼ፣ የእያንዳንዱን ፊደል ምትክ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አዘጋጅቼ ወደ ዩኒኮድ መለስኩት። ከባዱ ሥራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ከተማ አንዲት ጫልቱ ሦስት ሰው ሆና ልትመዘገብ ትችላለች፤ በአማርኛ አንድ ጊዜ፣ ብቻዋን የቆመች «ሲ» የ«ጭ»ን ድምፅ በምትይዝበት በቁቤ አንድ ጊዜ፣ «ሲ»ና «ኤች»ን አጣምሮ በሚጽፍ እንግሊዝኛ ለመድ ጸሐፊ ደግሞ ሌላ ጊዜ። ኃይሉም እንደ ጸሐፊው እጅ በሀ፣ በሐ ወይም በኀ ይጻፋል። እነዚህን ሰዎች አንድ ማድረግ ከእያንዳንዱ የአባትና የአያት ስም ጋር ማመሳከርን ይጠይቃል፤ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፤ የተከፈለኝም በዋናነት ለዚህ ነው።

ሁለተኛውን ሥራ ያገኘሁት ከዚያው ድርጅት ሒሳብ ሹም ሲሆን፣ በአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ ወጣቶች የሠሩትን ሲስተም መፈተሽ ነበር። ሥራው ንጹሕና ፈጣን ነው፤ እኔ በዚያ ፍጥነት አልሠራውም ነበር። በነሐሴ 2015 ስፈትሸው ግን ጳጉሜን 6ን አልቀበልም አለኝ። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን ስድስት እንደምትሆን፣ ኮምፒዩተር በዓይኗ ያላየችው እናቴ ታውቅ ነበር፤ ሲስተሙ ግን ሁልጊዜ አምስት ናት ብሎ ተጽፏል። ይህ የአንድ ቀን ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው እንደ ልማዱ ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን ሴፕቴምበር 12 ቀን ስለነበረ፣ ሳይታረም ቢቀር ኖሮ በሁለቱ የዘመን አቆጣጠሮች መካከል የሚደረገው ልወጣ እስከ ፌብሯሪ 29 ቀን 2024 ድረስ በአንድ ቀን ይዛነፍ ነበር፤ የብድር ወለድ ደግሞ በቀን የሚታሰብ ነው። የዕድሜ ጥቅም አለ ከተባለ ይህን መሰሉ ነው፤ አንድን ችግር አንድ ጊዜ ቀደም ብሎ አይቶ ማለፍ።

አሁን የጎዳኝን ልንገራችሁ። ሦስተኛውን ሥራ በቃል ብቻ ተቀበልኩ። ሰውየው ቡና አቅራቢ ነው፤ ስሙን ማንሣት አያስፈልግም። እሸት ቡናና ጀንፈል የሚገዛበትን መዝገብ፣ ሰብሳቢዎቹ በፈረሱላ የሚያመጡትን በ17 እያባዛ ወደ ኪሎ የሚመልስ፣ ቅድሚያ ክፍያንም የሚከታተል አድርጌ በሁለት ወር አስረከብኩ። ከዚያ በኋላ «ይችን ሪፖርት ብቻ ጨምርልኝ» እየተባለ ሰባት ወር ተጎተትኩ፤ ቀሪው ግማሽ ክፍያም እስከ ዛሬ አልመጣም። ምን እንደተስማማን የሚያሳይ አንድ መስመር ጽሑፍ ስለሌለኝ የምከራከርበት ነገር አልነበረኝም። ያ ገንዘብ ካጎደለብኝ በላይ፣ ሠላሳ ዓመት የተጠጋ የሥራ ልምድ ይዤ ይህን አለመጠንቀቄ ለብዙ ጊዜ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ስለዚህ ጻፉ። ምን እንደምትሠሩ ብቻ ሳይሆን ምን እንደማትሠሩም፣ ከርክክብ በኋላ ለስንት ቀን በነጻ እንደምታርሙ፣ ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ጭማሪ ስንት እንደሚከፈል፣ ክፍያው በስንት ዙር እንደሚሰጥ ይጻፍ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1727 በጽሑፍ መደረግ ያለበት ውል በተዋዋዮቹ ተፈርሞ በሁለት ምስክሮች እንዲረጋገጥ ይላል፤ ከዘመድ ጋርም ቢሆን ይህን አትዝለሉ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ስለሚቆጥረው፣ የኮዱ ባለቤት ማን እንደሚሆን በውሉ ላይ በግልጽ አስቀምጡ። የግብር ከፋይ መለያ (ቲን) ቁጥርና ደረሰኝ ይኑራችሁ፤ የድርጅት ገንዘብ ያዥ ያለ ደረሰኝ ሊከፍላችሁ አይችልም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ብዙዎቻችሁ ስትዘነጉት አያለሁ። ሥራው ሲያልቅ በላፕቶፓችሁ ወይም በፍላሽ የቀረውን የደንበኛ መረጃ አጥፉ፤ ማጥፋታችሁንም በርክክብ ሰነዱ ላይ አስፈርሙ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ከአዋጁ በፊትም ቢሆን የሰው የብድር ዕዳ በእኔ ኪስ ውስጥ ሲዞር ይከብደኝ ነበር።

ስለ መማር ብዙ አልልም፤ ትሠሩታላችሁ። እኔ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የጀመርኩት በ61 ዓመቴ ነው። አሁን በማግዘው ቡድን ውስጥ ኮዴን የምታርመው የ26 ዓመት ልጅ ናት፤ በመጀመሪያው ሳምንት አርባ ቦታ ላይ አስተያየት ጻፈችልኝ፤ አብዛኛው ትክክል ነበር፤ አስተካክዬ መለስኩላት። ከእሷ የማልስማማባቸውን ሁለቱን ምክንያቴን ጽፌ አስረዳኋት፤ አንዱን ተቀበለችኝ። ከልጆቹ ለመታረም የማይፈቅድ ሽማግሌን ደግሞ የሚጠራው የለም፤ የዕድሜ እኩዮቼ በዚህ ሲሰናከሉ ማየት ያሳዝነኛል።

ከቁጠባና ብድር ማኅበሩ ጋር የነበረኝ ውል አልቋል። በርክክብ ሰነዱ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ዓ.ም ከመድረሷ በፊት መሞከር ያለባቸውን ሦስት ነገሮች ጽፌ አስፈርሜያለሁ። በዚያ ጊዜ ያን ወንበር የሚይዘው ከእናንተ አንዳችሁ ሊሆን ይችላል፤ ገጹ ላይ ያልገባችሁ ነገር ካለ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት አለሁ።