ደምና ሆርሞን፦ አንዱን መተው ግድ ነውን?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ በሚገኝ አንድ የጤና ተቋም በላቦራቶሪ ባለሙያነት እሠራለሁ። በትምህርቴ ገፍቼ ተመራማሪ የመሆን ምኞት አለኝ፤ የሚስበኝ ግን የደም ሕመምም የሆርሞን ሕመምም ነው። ታላቅ ወንድሜ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» እያለ ይመክረኛል። ሐኪም ያልሆነ ሰው በእነዚህ ዘርፎች የትም አይደርስም የሚሉኝም አሉ። እውነት አንዱን መተው ይኖርብኛልን?
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ወንድምዎ የጠቀሱት ተረት ለብዙ ነገር ይሠራል። ለእርስዎ ጥያቄ ግን እምብዛም እንደማይሠራ የአንድ ተመራማሪን የሥራ ዘመን በማውሳት ማሳየት ይቻላል።

ዩጂን ጎልድዋሰር በአሜሪካ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ ነበሩ እንጂ ሐኪም አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1955 ሐኪሙ ሊዮን ጃኮብሰን አንድ ሥራ ሰጧቸው፤ ይኸውም ሰውነት ደም ሲያንሰው መቅኒ ቀይ የደም ሕዋሳትን አብዝቶ እንዲሠራ የሚያዝዘውን፣ በጊዜው ስም እንጂ ምንነቱ ያልታወቀለትን ንጥረ ነገር አጣርቶ ማውጣት ነበር። ጎልድዋሰር በጥቂት ወራት የሚያልቅ መስሏቸው የጀመሩት ሥራ ከ20 ዓመት በላይ ፈጀባቸው። በ1957 የጃኮብሰን ቡድን የአይጦችን ኩላሊት እያወጣ ባደረገው ሙከራ ትእዛዙ የሚመነጨው በዋናነት ከኩላሊት መሆኑን አሳየ። ከአንድ አካል ተነሥቶ በደም እየተጓዘ ሩቅ ያለን ሌላ አካል የሚያዝዝ ንጥረ ነገር ደግሞ ሆርሞን ነው፤ ስለዚህ ኤሪትሮፖይቲን የተባለው ይህ ንጥረ ነገር ገና ከጅምሩ የደም አጥኚውም የሆርሞን አጥኚውም ጉዳይ ነበር።

ጎልድዋሰር ለዓመታት የደም ማነስ እንዲይዛቸው ከተደረጉ በጎች ደም ሆርሞኑን ለማጣራት ቢደክሙም የሚያገኙት እጅግ ጥቂት ነበር። መንገዱን የከፈተው ታካጂ ሚያኬ የተባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪ በ1975 በሐር ጨርቅ ጠቅልለው ወደ ቺካጎ ያመጡት ጥቅል ነው። በውስጡ የነበረው በኩማሞቶ፣ መቅኒያቸው ደም ማምረት ከተሳነው ሕሙማን ከተሰበሰበ 2,550 ሊትር ሽንት ተጨምቆ የደረቀ ዱቄት ነበር። ሽንት መመረጡ ያለ ምክንያት አይደለም፤ መቅኒ አልታዘዝ ሲል ኩላሊት ትእዛዙን እየደጋገመ ስለሚልክ የተረፈው ሆርሞን በሽንት ይወጣል። ከዚያ ሁሉ ተጣርቶ በ1977 ይፋ የተደረገው ውጤት 8 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነበር። ያችን ታህል ግን በቃች፤ የሆርሞኑ ዘረመል በ1985 ተለይቶ ከታወቀ በኋላ፣ በ1989 መድኃኒቱ በአሜሪካ ኩላሊታቸው ለደከመ ሕሙማን የደም ማነስ ተፈቀደ። ለጎልድዋሰር ሥራ የባለቤትነት መብት ስላልተያዘለት የመድኃኒቱ ትርፍ የሌሎች ሆነ፤ ይህም ምርምር ባለጸጋ ያደርጋል ብለው ለሚያስቡ ዘመዶች ቢነገር አይከፋም።

አሁን ወደ እርስዎ ጠረጴዛ እንመለስ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይቀንሳል። አየር በሳሳበት ቦታ ኤሪትሮፖይቲን ስለሚጨምር ሄሞግሎቢንም፣ ማለትም በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር፣ ከፍ ይላል ተብሎ ስለሚጠበቅ፣ የደም ማነስ መለኪያው በከፍታ ልክ ከፍ ተደርጎ ይስተካከላል። ይሁን እንጂ አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቻቸው በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች ሄሞግሎቢን በባሕር ወለል ላይ ከሚኖሩ ሰዎች እምብዛም የማይበልጥ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲያስ ያ ማስተካከያ ደሴ ላይ ጤነኛውን ሰው የደም ማነስ አለበት ያሰኝ ይሆን? በእኛ ግምት ይህ ከእርስዎ ደጅ ያለ፣ ደምንና ሆርሞንን ለያይቶ ሊመለስ የማይችል ጥያቄ ነው።

ሌላም አለ። የስኳር ሕመምተኞች «የሦስት ወር ስኳር» የሚሉት ምርመራ የሚለካው በሄሞግሎቢን ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ይኖራል። ዕድሜው በደም መፍሰስ ወይም በወባ ምክንያት ሲያጥር ውጤቱ ከእውነተኛው ሊያንስ፣ በብረት እጥረት ጊዜ ደግሞ ከፍ ሊል ይችላል። የደም ቆጠራውን ወረቀትና የስኳሩን ወረቀት ጎን ለጎን የሚያይ ሰው ይህን ቀድሞ ያስተውላል፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የላቦራቶሪው ባለሙያ ነው።

ስለ ትምህርቱ መንገድ፣ ሕሙማንን ማከም የሚሻ ሰው ሐኪም ሆኖ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲ ከጨረሰ በኋላ በደም ወይም በሆርሞን ሕክምና ሰብ ስፔሻላይዝ ያደርጋል፤ እዚያ ላይ ምርጫው አይቀሬ ነው። የእርስዎ ፍላጎት ግን ምርምር ከሆነ፣ በባዮኬሚስትሪ ወይም በሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ ማስተርስና ፒኤችዲ መያዝ ሁለቱንም ዘርፎች ክፍት ያደርግልዎታል። ለጊዜው ከላይ ካነሣናቸው ጥያቄዎች አንዱን በአንድ ገጽ ጽፈው፣ እዚያው ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በጤናው መስክ ለሚያስተምር መምህር ያሳዩ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳያገኙ ግን የታካሚዎችን ውጤት መሰብሰብ እንዳይጀምሩ አደራ እንላለን።