ከመንዝ የመጣውን የበግ ጠጉር በፈላ ውኃ እንዳያጥቡት

እህቴ፣ ከመንዝ ያስመጡትን ሁለት ማዳበሪያ ጥሬ የበግ ጠጉር በቤትዎ አጥበው ለእንዝርት እንዴት እንደሚያዘጋጁት ጠይቀዋል። እኔም ደብረ ብርሃን ላይ ሥራውን የጀመርኩት በዚያው በሁለት ማዳበሪያ ስለ ነበር፣ ብዙ ያስከፈለኝን ስሕተት እርስዎ እንዳይደግሙት እጽፍልዎታለሁ።

1. ውኃ ከማሞቅዎ በፊት ጠጉሩን ሸራ ላይ ዘርግተው ይለዩት። የሆዱና የጭራው አካባቢ በጠጥና ሽንት ስለማይለቀው ይጣሉት፤ ጭጎጎቱን በጣትዎ ይልቀሙት። ሸላቹ ሁለት ጊዜ መቀስ ያሳረፈበት አጭር ቁርጥራጭ ፈትሉን ጉጥ ጉጥ ስለሚያደርገው አራግፈው ያስወጡት።

2. አጠባው ላይ ነው እኔ የወደቅሁት። የመጀመሪያውን ማዳበሪያ በፈላ ውኃና በሳሙና ዘፍዝፌ፣ ነጠላ እንደማጥብ በሁለት እጄ አሸሁት፤ ወዲያውም በቀዝቃዛ ውኃ አለቀለቅሁት። ከሳፋው ሳወጣው እንደ ሰሌን ጠንክሮ ነበር፤ በጥፍሬም በሹካም ብሞክር አንዲት ዘለላ እንኳ ሳይላቀቅልኝ ሙሉው ማዳበሪያ ተጣለ። እያንዳንዱ ጠጉር በዓይን የማይታይ ቅርፊት ስላለው፣ ሙቀትና እሽት ሲገናኙበት ቅርፊቶቹ ይቆላለፋሉ፤ ከተቆላለፉ በኋላ የሚፈታቸው የለም።

ምክር ፍለጋ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ብሄድ፣ ባለሙያው እስከ ምሳ ሰዓት ወንበር ላይ ካስቀመጠኝ በኋላ «የበግ ጠጉር ለማጠብ ደግሞ ምን ሥልጠና ያስፈልጋል?» ብሎ መለሰኝ። ያ ቃል ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ሥልጠናውን የሰጡኝ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለባና የሚሆን ጠጉር ሲፈትሉ የኖሩ አንዲት የመንዝ እናት ናቸው።

እርሳቸው ካሳዩኝና እኔም ደጋግሜ ከሞከርኩት በመነሣት፣ ጠጉሩን በሽንኩርት ከረጢት ውስጥ ላላ አድርገው ይክተቱትና በቀዝቃዛ ውኃ ያሳድሩት፤ አፈሩ በዚህ ይወጣል። ወዙ ግን ያለ ሙቀት ስለማይለቅ፣ በማግስቱ 60 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ውኃ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው ከረጢቱን በእንጨት ዝቅ አድርገው ያስጥሙት፤ ከዚያ በኋላ 20 ደቂቃ አይንኩት። ውኃው ከቀዘቀዘ ወዙ ተመልሶ ስለሚለጠፍ ሳይበርድ ያውጡት፤ የሚያለቀልቁበትም ውኃ በሙቀት የተቀራረበ ይሁን። ሳይጨምቁ ጥላ ውስጥ ያድርቁት።

3. እናታችን አንዲት የደረቀች ዘለላ በሁለት አውራ ጣቶቻቸው ይዘው ወደ ብርሃን እያሳዩ፣ «ወዙን ጨርሰሽ አታውጪው፤ የደረቀ ጠጉር እንዝርት ላይ ይበጠሳል» አሉኝ። ጣትዎን ትንሽ የሚያለሰልስ ወዝ ሲቀር በቂ ነው። ከዚያ በጣት ፈልቅቀው በደጋን ይንደፉት፤ የደጋኑ ጅማት የክምሩን ጫፍ ብቻ ይንካ፣ መሐሉን ከመታ ጠጉሩን ይጠቀልለዋል። ሁለተኛውን ማዳበሪያዬን በዚህ መንገድ አዘጋጅቼ የፈተልኩትን ሸማኔው ሲረከበኝ ልቃቂቱን በመዳፉ አገላብጦ ጉጥ ፈለገበት፤ አንድም አላገኘም።