ባልየውም ይመርመር፦ የሥነ ተዋልዶ ሳይንስን በውጭ አገር ለምታጠኑ ወገኖቼ

ይህን የምጽፈው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ባለው የእናቴ ቤት ተቀምጬ ነው። በሰው አገር የኖርኩትን 26 ዓመት ያሳለፍኩት የወንድን ዘርና የሴትን እንቁላል በማጥናት ነው። በዚሁ ሙያ ከአገር የወጣችሁ ታናናሾቼ፣ ምክሬ ቢጎረብጣችሁም እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

1. ስለ ወረቀት። የትምህርት ማስረጃችሁን ከመውጣታችሁ በፊት አስረጋግጡ፤ የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ቀኑ ሳያልፍ አሳድሱ።

2. ስለ ምርምር። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሮበርት ኤድዋርድስ የሰው እንቁላል ከሰውነት ውጭ መዳቀሉን ከባልደረቦቹ ጋር ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን፣ በዚህ መንገድ የመጀመሪያዋ ልጅ ሉዊዝ ብራውን የተወለደችው በ1978 ነው። የኖቤል ሽልማቱን ያገኘው በ2010፣ ሕመም ከቤት ባዋለው ጊዜ ነበር፤ አብረውት የደከሙት ፓትሪክ ስቴፕቶና ጂን ፐርዲ ግን ያን ቀን ሳያዩ ሞተዋል። ስለዚህ የአንድ ዓመት ሙከራ ከሸፈ ብላችሁ ሙያችሁን አትጣሉ።

3. ስለምንልከው ገንዘብና ስለ ዝምታችን። ታናሽ እህቴ በተዳረች በሁለተኛው ዓመት «ልጅ እምቢ አለኝ» ብላ ስትደውልልኝ ዕድሜዋ 31 ነበር። «አይዞሽ፣ ስለ ሕክምናው አታስቢ» ብዬ በየወሩ መላክ ጀመርኩ። ቀኑን ሙሉ የማላውቃቸውን ወንዶች ዘር በማይክሮስኮፕ ስቆጥር እየዋልኩ፣ ማታ ከእህቴ ጋር በስልክ ሳወራ «ባልሽስ ተመርምሯል?» የምትለው አንዲት ጥያቄ ከአፌ አልወጣችም። ታላቅ ወንድም እንዲህ ያለውን ነገር ከእህቱ ጋር ማንሳቱ ነውር መስሎኝ ነበር። ከ6 ዓመት በኋላ ባሏ «መካን ናት» ብሎ በሽማግሌ ፊት ፈታት።

ባለፈው ሳምንት ከአልጋዋ ሥር አንድ ፌስታል አውጥታ አሳየችኝ። በላክሁት ገንዘብ የተደረጉት ምርመራዎች ውጤት በሙሉ እዚያ ውስጥ አለ፦ የሆርሞን ምርመራ 4 ጊዜ፣ የማህፀን ቱቦ ራጅ 2 ጊዜ፣ የአልትራሳውንዱ ወረቀት ደግሞ ጠርዙ እስኪነጭ የተተኮሰ ያህል ተጣጥፏል። አንድ በአንድ እያነሳሁ ስሙን አነበብኩ፤ ሁሉም ላይ የእሷ ስም ነው። የባሏ ስም ያለበት አንድም ወረቀት አጣሁ። ሁለቱም ራጆች ቱቦዎቿ ክፍት እንደሆኑ ይናገራሉ። ዛሬ ዕድሜዋ 43 ነው።

እኛ የሙያው ሰዎች የምናውቀውን ለቤተሰቦቻችን ካልነገርን ማን ይንገርልን? ልጅ ካጡ ባልና ሚስቶች መካከል በግማሽ ያህሉ ችግሩ በወንዱ በኩል ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ ይገኛል። ባልና ሚስት ያለ መከላከያ አብረው ኖረው 12 ወር ከሞላቸው ሁለቱም መመርመር አለባቸው፤ ሴቷ 35 ካለፈች ደግሞ 6 ወር ይበቃል። ሴት ልጅ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን የሚሆን እንቁላል ይዛ ትወለዳለች እንጂ አዲስ አትጨምርም፣ ከ35 ዓመት በኋላ ብዛቱም ጥራቱም በፍጥነት ይወርዳል፤ ስለዚህ ባልየው ሳይመረመር እሷ ብቻ ስትመላለስ የምታጠፋው እያንዳንዱ ዓመት ከማይመለስ ጥሪቷ ላይ የሚቀነስ ነው።

የወንዱ ምርመራ ግን ቀላል ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ፣ ዘሩን በንጹሕ ዕቃ ተቀብሎ፣ ብርድ እንዳይነካው ከሰውነቱ አስጠግቶ በ1 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ማድረስ ብቻ ነው። በቅርቡ ከባድ ትኩሳት ታሞ ከነበረ ውጤቱ ሊዛባ ስለሚችልና አዲስ ዘር ለመብሰል 74 ቀን ያህል ስለሚወስድበት፣ ከ3 ወር በኋላ ይደገማል። ብዙ ወንዶች ምርመራውን ወንድነታቸውን እንደመጠርጠር ይቆጥሩታል፤ ነገር ግን በአልጋ ላይ ያለ ጉልበት ስለ ዘሩ ብዛት የሚናገረው ነገር የለም። ቁጥሩ ቢያንስም የዓለም መጨረሻ አይደለም፤ አንድን ዘር መርጦ በቀጭን መርፌ ወደ እንቁላሉ ውስጥ በማስገባት ልጅ መውለድ መቻሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

4. ስለ መሣሪያ። «ለጅማ ኢንኩቤተር ልላክ» የምትሉኝ አላችሁ፤ ፅንስ በላቦራቶሪ የሚያድግበትን ሳጥን ማለታችሁ ነው። ፅንስ 37 ዲግሪ ሙቀትና ሳይቋረጥ የሚፈስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈልጋል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚጠብቀው ሰው፣ ጄኔሬተርና ጋዝ ከሌለ ኢንኩቤተሩ ባዶ ሳጥን ብቻ ነው። ዘር ለመቁጠር ግን ማይክሮስኮፕ፣ የመቁጠሪያ መስታወትና የሠለጠነ ዓይን ይበቃል። ለዕረፍት ስትመጡ 2 ሳምንት ቆርሳችሁ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችን አስተምሩ።

እስከዚያው በመጪው እሁድ ወደ ቤት ስትደውሉ፣ ለሕክምና ገንዘብ የምትልኩላት እህት ካለቻችሁ ባሏን ስልኩ ላይ አስቀርቡት። «አንተስ መቼ ነው የምትመረመረው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ቀኑን ሳይነግራችሁም ስልኩን አትዝጉ።