«ኮሜንት ጸሐፊ ሆኜ ልቀር ነው?»

ደብዳቤው ባጭሩ ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ ከአራት ኪሎ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ሰንጋ ተራ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ኪውኢሙ ለሚባለው የቨርቹዋላይዜሽን ሶፍትዌር ፓች (ለኮዱ የሚላክ ማሻሻያ) አዘጋጃለሁ። ረጅም ሰዓት የሚፈጁት የስቶሬጅ ጆቦች ኮድ ላይ ኮሜንት (ኮዱ ውስጥ ለሰው አንባቢ የሚቀመጥ ማስታወሻ) እና ማብራሪያ ነው የምጽፈው። ሁለት ፓቾቼ ተቀባይነት አግኝተዋል። ጓደኞቼ ግን ‹ኮድ ጻፊ እንጂ፣ ይሄማ የጸሐፊ ሥራ ነው› ይሉኛል። አጎቴ ደግሞ ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ የካውንተር ሥራ አግኝተውልኛል። ደሞዙ ይሻላል፤ እናቴም ግቢ እያለችኝ ነው። ማስተርስም አስቤ ነበር። እንግሊዝኛዬም ያን ያህል አይደለም። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ደሜ ፈላ። በአንቺ ሳይሆን በጓደኞችሽ። ስለዚህ ብዙውን መልስ ለእነሱ አደርገዋለሁ፤ ሌላውን ቶሎ እናልፈዋለን።

ለማያውቁት ልንገር። ኪውኢሙ ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላርድ በ2003 የጀመረው፣ አንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች (በሶፍትዌር የተሠሩ ኮምፒውተሮች) የሚያስኬድ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። ከሊኑክሱ ኬቪኤም ጋር ተጣምሮ ብዙ ዳታ ሴንተር ተሸክሟል። ፕሮክስሞክስ የሚባለውን የቨርቹዋል ማሽን ማስተዳደሪያ የምትጠቀሙ ሰዎች ከሥሩ ያለው እሱ ነው። እሷ የምትጽፍባቸው ጆቦች ደግሞ ማሽኑ ሳይጠፋ ዲስኩን ወደ ሌላ ስቶሬጅ የሚገለብጡ፣ ባክአፕ የሚይዙ፣ የስናፕሾት (የዲስኩ የየጊዜው ቅጂ) ሰንሰለት የሚያሳጥሩ ናቸው። ዲስኩ ትልቅ ከሆነ ሰዓታት ይፈጃሉ። ማሽኑ ደግሞ እስኪጨርሱ አይጠብቅም፤ በመሃል እዚያው ዲስክ ላይ ይጽፋል።

እስቲ ሚረር የሚባለውን ጆብ ውሰጂ። ዲስኩን ወደ አዲስ ቦታ ይገለብጣል። ገልብጦ ሲጨርስ አይዘጋም። «ሬዲ» ይልና ሁለቱን ዲስኮች እኩል እያደረገ ይቀጥላል። አሁን «ኮምፕሊት» ካልሽው ማሽኑ ወደ አዲሱ ዲስክ ይሻገራል። «ካንስል» ካልሽውስ? ማንም ሰው ሥራው ተሰረዘ ብሎ ያስባል። ሬዲ ሳይደርስ ካንስል ካደረግሽው እውነት ነው፤ እጅሽ ላይ የሚቀረው ጎዶሎ ቅጂ ነው። ሬዲ ካለ በኋላ ያለ ፎርስ («በግድ አቁም» የሚለውን ምርጫ ሳትጨምሪ) ካንስል ብታደርጊው ግን ጆቡ «ተጠናቋል» ብሎ ይዘጋል። ማሽኑ በድሮው ዲስክ ይቀጥላል፤ አዲሱ ላይ የዚያች ቅጽበት ሙሉ ቅጂ ይቀመጣል። ያው አንድ ትእዛዝ ነው፤ አንዴ ቆሻሻ፣ አንዴ ባክአፕ ይሰጥሻል። ይህን ከስሙ ተነስቶ የሚገምት የለም። ሰው ወይ ተጽፎ ያነበዋል፣ ወይ ኮዱን ይቆፍራል፣ ወይ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላቡ እየወረደ ይማረዋል።

ፓውዝም እንደዚያው ነው። ጆቡ ፓውዝ ሲባል እዚያው ቀጥ አይልም፤ መቆም የሚችልበት ነጥብ ላይ እስኪደርስ ይሄዳል። ይህን የማያውቅ ሰው ፓውዝ ብሎ ወዲያው ስቶሬጁን ሊነካካ ይችላል።

አሁን ያቺን «ተራ» ኮሜንት እንያት። በጆቦቹ ኮድ ውስጥ አንዳንድ ፈንክሽኖች ራስ ላይ «ሙቴክሱ ተይዞ የሚጠራ» የምትል መስመር አለች። ሙቴክስ ሁለት ሥራዎች አንድን ነገር በአንዴ እንዳይነኩ የሚከለክል ቁልፍ ነው። አጭር ናት። ግን ከተሳሳተች የሚቀጥለው ሰው እሷን አምኖ የሚጽፈው ኮድ ሊደርቅ ወይም ሁለት ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄዱ የፕሮግራሙ ሥራዎች) አንድ ነገር ላይ ሊረባረቡ ይችላሉ። እሷን በድፍረት ለመጻፍ ፈንክሽኑን የሚጠራውን ሁሉ አንድ በአንድ መከታተል አለብሽ። ይህን የሚሠራ ሰው ጸሐፊ ከተባለ፣ ጓደኞችሽ ኢንጂነር የሚሉት ማንን እንደሆነ ይንገሩኝ።

እኔ የመጣሁት ከሰርቨር ክፍል ነው፤ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። የነበርኩበት መሥሪያ ቤት ዶክመንቴሽን በሙሉ አንድ ሰውዬ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ሰውየው ለቀቀ። በየሌሊቱ እየደወልን ስንለምነው ከረምን፤ በኋላ ስልክ ማንሳት ተወ። መጻፍ የጀመርኩት ያኔ ነው። ከተረኝነት አውጥቶ አሠልጣኝ ያደረገኝም የጻፍኩት ነው። ለሰርቨር ክፍል አዳላ ይሆናል፤ ይሁን።

ግን አጻጻፍሽን አስተካክይ። ፊደል ማረምና ነጠላ ሰረዝ ማንቀሳቀስ ለመግቢያ ይበቃል፤ እዚያ ላይ ዓመት ካሳለፍሽ ጓደኞችሽ ልክ ሊሆኑ ነው። አንድ ጥያቄ ምረጪ፤ ለምሳሌ መድረሻው ዲስክ በመሃል ቢሞላ ጆቡ ምን ያደርጋል? ላፕቶፕሽ ላይ በትንሽ ዲስክ ሞክሪውና ያየሽውን ጻፊ። ማብራሪያውና ኮዱ ካልተስማሙ ሁለት ነገር አለ፤ ወይ ማብራሪያው አርጅቷል፣ ወይ ባግ አግኝተሻል። ባግ ከሆነ ማስተካከያውን ከነ ቴስቱ ላኪ። ኮድ መጻፍ በዚህ በር ይመጣል፤ ማንም ሳይቆጣሽ።

ሲቪሽ ላይም «በዶክመንቴሽን አግዣለሁ» ብለሽ ራስሽን አታሳንሺ። «የሚረር ጆብ በየደረጃው ካንስል ሲደረግ ምን እንደሚሆን መርምሬ ጽፌያለሁ፤ ፓቹ ተቀባይነት አግኝቷል» በይ። ጠያቂው ነገሩን የሚያውቅ ከሆነ ወንበሩን ይስባል።

ወደ አጎትሽ ልምጣ። ባንክ መግባት ነውር የለበትም። የሠራተኛ የቤት ብድሩም ቀላል ነገር አይደለም፤ አዲስ አበባ ላይ ኪራይ የሚከፍል ያውቀዋል። ግን ያገኙልሽ ቦታ ካውንተር ነው። እዚያ ጥቂት ዓመት ከቆየሽ ተመልሶ ሰርቨር የሚያስነካሽ ቀጣሪ ማግኘት ይከብድሻል። አጎትሽ መልካም አስበው ነው፤ ሥራሽ ምን እንደሆነ ግን አያውቁም፤ የማያውቁትን ሊመርጡልሽ አይገባም። እናትሽም ባንክ ባንክ የሚሉት በወር መጨረሻ የማይቀር ብር ፈልገው ይመስለኛል። ያ ብር አሁንም እየገባ ነው። ለቤት የምትሰጪውን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪያቸውና በየወሩ ሳታጓድዪ ስጪ። የባንክ አይቲ ክፍል ማስታወቂያ ሲያወጣ ግን ሮጠሽ ተወዳደሪ፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

አንቺም አትሞኚ፤ የቅዳሜው ሥራ ኪራይ አይከፍልም። አውትሪቺ የሚባለው፣ እንደ ኪውኢሙ ባሉ ክፍት ፕሮጀክቶች ላይ ተለማማጆችን የሚያሠራ ፕሮግራም ለሦስት ወር 7,000 ዶላር ይከፍላል፤ ኪውኢሙም በእሱ በኩል ተለማማጆች ተቀብሎ ያውቃል። ግን በሳምንት 30 ሰዓት ይጠይቃል፤ ከሙሉ ቀን ሥራ ጋር አይሄድም። ለሦስት ወር ብለሽ ቋሚ ሥራ አትልቀቂ። ከሥራ የወጣሽ ዕለት ግን መጀመሪያ የምታመለክቺው እዚያ ይሁን።

ማስተርሱ ይቆይ፤ የትም አይሄድም። እንግሊዝኛሽን ፓችሽን የሚገመግሙት ሪቪው አድራጊዎች በነፃ እያረሙልሽ ነው፤ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ ከየት ታመጫለሽ?

ለአጎትሽ ግን መልሱን በስልክ አትንገሪያቸው። ሄደሽ፣ እናትሽም ባሉበት፣ ቡና ላይ አመስግነሽ ንገሪያቸው። ሰው ለምነው ይሆናል ያገኙልሽ፤ ቦታውን ለሌላ እንዲሰጡት ቶሎ ይወቁ።