«በእኔ ክሮም ላይ ይሠራል» ያልከው ፎርም

አንድ አንባቢ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ።

«ሰላም ጋሼ፣ የመመዝገቢያ ገጽ ሠርቻለሁ። ሰው ፎርሙን ሞልቶ ‹ላክ› የሚለውን ሲጫን፣ ጃቫስክሪፕቱ መረጃውን ለሰርቨሩ ልኮ ወደ ማመስገኛው ገጽ ማለፍ አለበት። በእኔ ኮምፒውተር፣ በክሮም፣ ምንም ችግር የለውም። በፋየርፎክስ አንዳንዴ ይሠራል፤ አንዳንዴ ደግሞ ፎርሙ ባዶ ሆኖ ያው ገጽ ተመልሶ ይመጣል። ጓደኛዬ የቆየ አይፎን አላት። እሷ ጋ ቁልፉ ጭራሽ በድን ነው። ሲጨንቀኝ የብራውዘሩን ስም እያየ ሳፋሪን ወደ ሌላ ገጽ የሚልክ ኮድ ጨመርኩ። አሁን ደግሞ ክሮም ራሱ ብልጭ ድርግም እያለ በሁለቱ ገጾች መካከል ይመላለሳል። ለእያንዳንዱ ብራውዘር ለየብቻ ገጽ ልሥራ እንዴ?»

ኧረ በፍጹም! አንድ ገጽ ይበቃሃል። ያለብህ ችግር ግን አንድ ሳይሆን ሦስት ነው። ሦስቱም አንድ ቁልፍ ላይ ስለተደራረቡ ነው ግራ ያጋቡህ። ከመጨረሻው እንጀምር፤ እሱን ራስህ ነህ የጨመርከው።

ስም የሚለየውን ኮድ አሁኑኑ አውጣው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የብራውዘርን ስም ያወጣው ግን ፍርሃት ነው። በ1990ዎቹ ብዙ ድረ ገጾች የተሟላውን ገጽ የሚሰጡት «ሞዚላ ነኝ» ለሚል ብቻ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ታዋቂ ለነበረው ብራውዘር፣ ለኔትስኬፕ ማለት ነው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እንዳይቀርበት እሱም «ሞዚላ ነኝ» ማለት ጀመረ። ሌሎቹም ተከተሉት። ዛሬ ክሮም፣ ዩዘር ኤጀንት በሚባለው መታወቂያው ላይ፣ ሞዚላም ክሮምም ሳፋሪም ብሎ ይጽፋል። ኤጅ ሦስቱንም ይዞ የራሱን ይጨምርበታል። አይፓድ ደግሞ ከ2019 ወዲህ ማክ ኮምፒውተር ነኝ ይላል፤ ባለቤቱ ካልቀየረው በቀር።

እንግዲህ በአንደኛው ገጽ ላይ «ሳፋሪ ከሆንክ ወደ ሁለተኛው ሂድ»፣ በሁለተኛው ላይ «ክሮም ከሆንክ ወደ አንደኛው ተመለስ» ብለህ ጽፈህ ይሆናል። ክሮም ሁለቱንም ነኝ ባይ ነው። የታዘዘውን እየፈጸመ ሲመላለስ ይኖራል።

እግረ መንገዴን አንድ የሚጠቅምህ ነገር ልንገርህ። ገጹ እንዳንተ ብልጭ ድርግም እያለ ያለ ማቋረጥ ከተመላለሰ፣ የሚያመላልሰው አብዛኛውን ጊዜ ጃቫስክሪፕት ነው። ብራውዘሩ ገጹን አልከፍትም ብሎ «በጣም ብዙ ሪዳይሬክት» (ሪዳይሬክት ወደ ሌላ አድራሻ ማሳለፍ ነው) የሚል ስህተት ካሳየ ግን ጥፋቱ የሰርቨሩ ነው። ክሮም ከሰርቨር የሚመጣን ሪዳይሬክት 20 ጊዜ ያህል ተከትሎ ሲሰለቸው ያቆማል። በጃቫስክሪፕት የሚደረገውን ግን እንዲህ አይቆጥረውም። ስለዚህ ያንን ስህተት ካየህ የጃቫስክሪፕት ፋይልህን መበርበር ድካም ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ሰርቨሩ ሁሉንም ወደ ኤችቲቲፒኤስ፣ ወደ ተመሰጠረው መንገድ፣ ይመልሳል፤ ከፊቱ ቆሞ ጥያቄ የሚያቀብለው ፕሮክሲ ግን ሁልጊዜ በኤችቲቲፒ ነው የሚያናግረው። ሰርቨሩ የሚያየው ኤችቲቲፒ ብቻ ስለሆነ መመለሱን አያቆምም።

አሁን ወደ ፋየርፎክሱ። «አንዳንዴ ይሠራል» የምትለዋ ነገር ነው ጆሮዬን ያቆመችው። አንዳንዴ የሚሠራ ነገር አብዛኛውን ጊዜ እሽቅድምድም አለበት ማለት ነው።

ፎርም ውስጥ ያለ ቁልፍ፣ ዓይነቱን ለይተህ ካልጻፍክለት፣ በራሱ «ሰብሚት» ነው። ማለትም ሲጫኑት ፎርሙ ራሱን ይልካል። አንተ ደግሞ በዚያው ቁልፍ ክሊክ ላይ ፌች (ጃቫስክሪፕት ሰርቨሩን የሚያናግርበትን ትእዛዝ) አስቀምጠህ መረጃውን ለብቻህ ትልካለህ። ሁለት መላክ በአንድ ጊዜ ተጀመረ ማለት ነው። ፎርሙ የሚሄድበት አድራሻ ካልተሰጠው ወደ ራሱ ገጽ ነው የሚመለሰው። ገጹ እንደ አዲስ ሲጫን መንገድ ላይ የነበረው ፌች ይቋረጣል። ወደ ማመስገኛው ገጽ የሚያሳልፈው መስመርም ሳይደርስበት ይቀራል። ማን ቀድሞ እንደሚደርስ በብራውዘሩም በኔትወርኩ ፍጥነትም ይለያያል። አንተ ጋ፣ ሰርቨሩ እዚያው ኮምፒውተርህ ላይ ስለሆነ፣ ፌቹ ቀድሞ ይደርስ ይሆናል። ክሮምን ለማመስገን አትቸኩል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ገጹ ባዶ ሆኖ ሲመለስ ላይ ያለውን አድራሻ እይ። መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት መጥቶ፣ ቀጥሎም የተሞላው ስምና ኢሜይል ተደርድሮ ካየህ፣ ፎርሙ ራሱን ልኳል። ፎርሙ ላይ የይለፍ ቃል ካለ እሱም እዚያው ተጽፎ ታገኘዋለህ። ይሄ ቀልድ አይደለም። በብራውዘሩ ታሪክም፣ በሰርቨሩ መዝገብም ላይ ይቀራል። እንዲህ ሆኖ ካገኘኸው ከሁሉ በፊት ፎርሙን «ፖስት» አድርገው፤ ያኔ መረጃው በአድራሻው ላይ ሳይጻፍ ይላካል።

ከዚያ ኮድህን ከቁልፉ ክሊክ አንሳና በፎርሙ «ሰብሚት» ኢቨንት ላይ አስቀምጠው። ሰው ቁልፉን ሳይነካ ኢንተር ተጭኖ ሲልክም ያኔ ይያዝልሃል። የፈንክሽኑ የመጀመሪያ መስመር ፕሪቨንት ዲፎልት ይሁን፤ ፎርሙ ራሱን እንዳይልክ የሚያግደው እሱ ነው። የመጀመሪያ ስል በእርግጥም የመጀመሪያ ማለቴ ነው። «አዌት» (መልስ እስኪመጣ ጠብቅ) ከሚል መስመር በኋላ ካስቀመጥከው ፎርሙ ሄዷል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። በአድ ኢቨንት ሊስነር ላስቀመጥከው ፈንክሽን ደግሞ «ሪተርን ፎልስ» ምንም አይሠራም። እሱ የሚሠራው ለምሳሌ ኮዱ እዚያው ታጉ ላይ ሲጻፍ ወይም በጄኩዌሪ፣ በቆየው የጃቫስክሪፕት መሣሪያ ስብስብ፣ ነው። የድሮ ምሳሌ የሚገለብጡ ሰዎች ሁሉ እዚህ ላይ ይወድቃሉ፤ እኔም ወድቄያለሁ። ቀጥለህ ፌቹን «አዌት» ብለህ ጠብቅ፣ መልሱ ደህና መሆኑን እይ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ገጹን አሳልፍ።

የአይፎኑ ጉዳይ ግን ከዚህ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ቁልፉ በድን የመሰለው ኮድህ እዚያ ስልክ ላይ ጨርሶ ስላልተነበበ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ያኔ ፎርሙ ራሱን ልኮ ያው ገጽ ባዶ ቢመለስም፣ ለጓደኛህ ምንም ያልሆነ ሊመስላት ይችላል።

ብራውዘር አንድን የጃቫስክሪፕት ፋይል ከማስኬዱ በፊት ሙሉውን ያነበዋል። የማያውቀው ምልክት አንድ ቦታ ካጋጠመው ያቺን መስመር ብቻ ዘሎ አያልፍም፤ ፋይሉን በሙሉ ይጥለዋል። ሲንታክስ ኤረር የሚሉት ይሄ ነው። ስህተት የሚይዘው ትራይ ካችም አያድንህም፤ እሱም ራሱ ከተጣለው ፋይል ውስጥ ነው ያለው። ለምሳሌ «?.» የምትለዋን አጻጻፍ ክሮምም ሳፋሪም ያወቋት በ2020 ነው፤ በክሮም 80 እና በሳፋሪ 13.1። ኢሜይል ለማጣራት በሬጌክስ (የጽሑፍን ቅርጽ በሚፈትሽ አጻጻፍ) ውስጥ «(?<=» ከተጠቀምክ ደግሞ ሳፋሪ የተቀበላት 16.4 ላይ ደርሶ፣ በ2023 ነው። ክሮም እሷን ከዓመታት በፊት ያውቃት ስለነበር አንተ ምንም አይታይህም።

ጓደኛህን «ክሮም ጫኚ» ብለህ እንዳታደክማት። አይፎን ላይ ክሮምም ፋየርፎክስም ውስጣቸው ዌብኪት ነው፤ የሳፋሪው ሞተር ማለት ነው። ከ2024 ወዲህ እንደ አውሮፓ ኅብረት ባሉ አንዳንድ ቦታዎች ሌላ ሞተር ተፈቅዷል፤ ለሌላው ግን ዌብኪት የሚታደሰው ከስልኩ ሲስተም ጋር ነው። ስልኩ አዲስ ሲስተም የማይቀበል ከሆነ፣ ብራውዘሩም ባለበት ቀርቷል።

ግምቴ ልክ መሆኑን ለማወቅ የስልኩን ኮንሶል፣ ብራውዘሩ ስህተቶችን የሚጽፍበትን ቦታ፣ ማየት አለብህ። ማክ ካለህ በገመድ አገናኝተህ በሳፋሪ ታየዋለህ። ከሌለህ እኔ ሁልጊዜ የምሠራውን ሥራ። ከሌሎቹ ስክሪፕቶች ሁሉ በላይ፣ በራሱ የስክሪፕት ታግ ውስጥ፣ ሁለትና ሦስት መስመር ጻፍ። በ«ዊንዶው ዶት ኦንኤረር» ስህተቱን ይዞ ከነመስመር ቁጥሩ በአለርት የሚያሳይ ይሁን። በድሮው አጻጻፍ ነው የምትጽፈው፤ ቀስትም (=>) ሌላም አዲስ ነገር አታስገባ። ለብቻው ታግ መሆኑ ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ ከታመመው ፋይል ጋር አብሮ ይጣላል። ሥራህን ስትጨርስ ማውጣቱን እንዳትረሳ።

የሚመጣው መልእክት መድኃኒቱን ይነግርሃል። «ሲንታክስ ኤረር» ካለ፣ አጻጻፉ ነው ያልገባው። ኮዱን ወደ ቀድሞው አጻጻፍ የሚገለብጥልህ እንደ ባቤል ያለ መሣሪያ ያስፈልግሃል። ሬጌክሱን ግን በእጅህ ብትቀይረው ይሻላል፤ ባቤል ያቺን አይገለብጥልህም። «ፈንክሽን አይደለም» የሚል ከመጣ፣ ፋይሉ ተነቧል፤ አንድ የጠራኸው ነገር ግን እዚያ ብራውዘር ውስጥ የለም። «ሪፕሌስ ኦል» ወይም የአሬይ «አት» ሊሆን ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ፖሊፊል ነው፤ የጎደለውን ፈንክሽን የሚሞላ ትንሽ ኮድ። ወይም ከዚያም በቀለለ መንገድ ነገሩን በሌላ አጻጻፍ ሥራው።

ፖሊፊል ስትፈልግ ግን ፋይሉን አውርደህ በራስህ ሰርቨር ላይ አስቀምጥ። በ2024 ፖሊፊል ዶት አይኦ የሚባለው ብዙ ሰው የሚጠቀምበት አድራሻ ለሌላ ባለቤት ተሸጠ። ብዙም ሳይቆይ አንዳንድ የስልክ ተጠቃሚዎችን ወደ ቁማር ገጽ የሚወስድ ኮድ ይልክ ጀመር። ከ100,000 በላይ ድረ ገጾች ይጠሩት ነበር። የገጹን አስተዳዳሪ ካወቀው አይነቃም፤ በተወሰነ ሰዓትና በተወሰኑ ስልኮች ብቻ ነበር የሚነሳው። አስበው፤ ባለቤቱ ከፍቶ ሲያየው ሁሉም ደህና ነው። ኮድህ ውስጥ ያ አድራሻ ካለ ዛሬውኑ ሰርዘው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ እኔ ብሆን መጀመሪያ የማደርገው ሌላ ነው። ፎርሙን ያለ ጃቫስክሪፕት እንዲሠራ አድርጌ እነሳለሁ። ለፎርሙ የሚላክበትን አድራሻ ስጠው፣ «ፖስት» አድርገው። ሰርቨሩ መረጃውን ተቀብሎ ሲመዘግብ 303 በሚል መልስ ወደ ማመስገኛው ገጽ ያሳልፍ። ይሄን ማንኛውም ብራውዘር ያውቀዋል፤ የጓደኛህም ስልክ። ጃቫስክሪፕቱ ከላይ የሚጨመር ማሳመሪያ ይሆናል። ቢጣል እንኳ ሰው ይመዘገባል። 303 የመረጥኩልህ፣ ሰውየው በማመስገኛው ገጽ ላይ ሪፍሬሽ ቢል ፎርሙ ሁለተኛ እንዳይላክ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ሰርቨሩ ሪዳይሬክት ሲመልስ ፌች ራሱ ውስጥ ለውስጥ ይከተለዋል እንጂ ገጹን አያንቀሳቅሰውም። የማመስገኛው ገጽ ጽሑፍ በፌቹ መልስ ውስጥ ተቀምጦ ታገኘዋለህ፤ ሰውየው ግን ፎርሙ ላይ እንደቆመ ነው። ስለዚህ ከመልሱ «ሪዳይሬክትድ» የሚለውን እይና እውነት ከሆነ ወደ መልሱ «ዩአርኤል» ገጹን ራስህ ውሰደው። «ሎኬሽን ዶት ሪፕሌስ» ብትጠቀም ጥሩ ነው፤ ፎርሙን ከታሪክ ላይ ስለሚተካው ሰው ወደኋላ ሲል የላከው ፎርም ላይ አያርፍም። ለመግቢያ ገጽም ይሄው ይሻላል። ሰው ወደኋላ እንዲመለስ በምትፈልግበት ቦታ ላይ ግን ተራውን «ሎኬሽን ዶት ኤችሬፍ» ተጠቀም።

ሲላክ ቁልፉን የምታደነዝዘው ከሆነ ደግሞ ይሄን እወቅ። ሰው ወደኋላ ሲመለስ ብራውዘሩ ገጹን እንደ አዲስ ላይጭነው ይችላል፤ እንደነበረ ከማኅደር ያወጣዋል። ኮድህ ዳግም አይነሳም፤ ቁልፉም ደንዝዞ ይቀራል። «ፔጅ ሾው» የሚባለው ኢቨንት ላይ ቁልፉን መልሰህ አንቃው።

ስትሞክር የሰርቨሩን መልስ 301 እንዳታደርገው። 301 «ለዘለዓለም ተዛውሯል» ማለት ነው። ብራውዘሩ ሊያስታውሰውና ሁለተኛ ሰርቨሩን ሳይጠይቅ በራሱ ሊሄድ ይችላል። እኔ አንድ ጊዜ በስህተት 301 ጽፌ፣ ወዲያው አርሜው፣ ግማሽ ቀን ሙሉ «ለምን አይታረምም» ብዬ ከሰርቨሩ ጋር ስጨቃጨቅ ውያለሁ። ሰርቨሩ ምንም አላደረገም፤ ጥያቄው እሱ ጋ አልደረሰም ነበር። ካረምክ በኋላ ሁልጊዜ በፕራይቬት መስኮት ሞክር።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ፦ የስም መለያውን አውጣ፣ ፎርሙን ያለ ጃቫስክሪፕት አስኪደው፣ ከዚያ ፕሪቨንት ዲፎልቷን አስገባ፣ በመጨረሻ የጓደኛህን ስልክ ተውሰህ ስህተቱን አንብብ። የሚመጣው መልእክት እኔ ከገመትኩት ሌላ ከሆነ ላክልኝ። ፎቶ ሳይሆን ጽሑፉን ገልብጠህ፣ ከነመስመር ቁጥሩ።